እግር በድንገት ሲከዳ

ሰው በእግሩ ይሄዳል መባሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን እግር ታዛዥ እንጂ አዛዥ አይደለም። ትእዛዙ የሚወጣው ከአንጎል ነው፤ ከአንጎል ወጥቶም በጀርባ አጥንት ውስጥ ባለው ቦይ ቁልቁል ወርዶ ለጭን፣ ለጉልበትና ለቁርጭምጭሚት ይደርሳል። ስለዚህ ትናንት ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ የዋለ ሰው ዛሬ ማለዳ ከአልጋው ሊነሣ ሲል ጉልበቱ ቢከዳው፣ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ እግሩ ላይ አይገኝም። እግሩን ቅቤ ቀብቶ ማሸትና በብርድ ልብስ መጠቅለል፣ ስልክ አልሰማ ሲል የስልኩን እጀታ እንደ መወልወል ያለ ነው። የተበላሸው ሽቦው ነው።

በአገራችን እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ መጋኛ መታው፣ ብርድ ገባበት፣ ዓይን በላው ይባላል። ወጌሻ ይጠራል፤ ወገቡ ይታሻል፤ ካልተሻለውም ሁለት ሦስት ቀን ይታይ ተብሎ ይቆያል። የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ ይህ «ይታይ» ተብሎ የሚያልፈው ሁለት ሦስት ቀን ነው። ምክንያቱም እግርን በድንገት ከሚያሰንፉት በሽታዎች መካከል በቀዶ ሕክምና ተወግደው እግሩን ለባለቤቱ ሊመልሱ የሚችሉ አሉ። ከእነዚህም አንዱ በጀርባ አጥንት ቦይ ውስጥ የሚያድገው ውኃ የቋጠረ ከረጢት ነው። ሐኪሞች ሲስት ይሉታል። ነቀርሳ አይደለም፤ ሥጋ አይበላም፤ ክፋቱ ሁሉ ያለቦታው ተቀምጦ መጫኑ ነው።

የጀርባ አጥንት አንድ ወጥ አጥንት አይደለም። በሕፃንነት ሲቆጠር 33 አንጓዎች አሉት፤ 7ቱ በአንገት፣ 12ቱ የጎድን አጥንቶች በተያያዙበት በደረት ጀርባ፣ 5ቱ በወገብ ይገኛሉ፤ የቀሩት ከዳሌ በስተኋላ ኋላ እርስ በርሳቸው የሚጣበቁ ናቸው። እያንዳንዱ አንጓ በስተኋላው ቀለበት አለው፤ ቀለበቶቹ አንዱ በሌላው ላይ ሲደራረቡ ቦይ ይሠራሉ፤ በቦዩም ውስጥ ኅብለ ሰረሰር ይወርዳል። ውፍረቱ ትንሿን ጣት ቢያክል ነው፤ ርዝመቱ በአዋቂ ወንድ 45 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በሦስት ሽፋኖች የተጠቀለለ ሲሆን፣ በሽፋኖቹ መካከል እንደ ምንጭ ውኃ የጠራ ፈሳሽ ይመላለሳል። በአንጎልና በኅብለ ሰረሰር ዙሪያ ባንድ ጊዜ የሚገኘው የዚህ ፈሳሽ ልክ 150 ሚሊ ሊትር ያህል ሲሆን፣ ሰውነት በየቀኑ ግማሽ ሊትር ያህል አዲስ እየሠራ አሮጌውን ወደ ደም ይመልሰዋል።

ኅብለ ሰረሰር እስከ ጭራ አጥንት ድረስ አይወርድም። በመጀመሪያውና በሁለተኛው የወገብ አንጓ አካባቢ ያልቃል። ከዚያ በታች ቦዩን የሚሞሉት ለእግር፣ ለሽንት ፊኛና ለዓይነ ምድር መውጫ የሚሄዱ የነርቭ ክሮች ናቸው። የቀድሞ ሊቃውንት አስከሬን ከፍተው ባዩአቸው ጊዜ የፈረስ ጭራ መሰሏቸው፤ ስማቸውም በዚያው ቀረ። ይህን መለየት የሚያስፈልገው ከላይ ኅብለ ሰረሰርን የሚጫንና ከታች የፈረስ ጭራውን የሚጫን ከረጢት የሚያመጡት ሕመም አንድ ስላልሆነ ነው። የላይኛው ሁለቱንም እግሮች ሲያሰንፍና እያደር ሲያደርቅ፣ የታችኛው ብዙ ጊዜ የአንዱን እግር መዳፍ አንጠልጥሎ ያስቀረዋል፤ ሰውየው ሲራመድ የጫማው ጫፍ መሬት ይጭራል።

ቦዩ አጥንት ስለ ሆነ አይለጠጥም። በሆድ ውስጥ ብርቱካን የሚያክል ከረጢት ቢበቅል ባለቤቱ ሳያውቀው ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ፤ በጀርባ አጥንት ቦይ ውስጥ ግን ባቄላ የሚያክለው ይበቃል።

ከረጢቶቹ ብዙ ዓይነት ናቸው፤ ሁሉንም መቁጠር አንባቢን ማሰልቸት ይሆናል። በዕድሜ በገፉ ሰዎች ላይ በብዛት የሚታየው ከመገጣጠሚያ የሚወጣው ነው። የጀርባ አንጓዎች በስተኋላቸው እንደ ጉልበት ባለ መገጣጠሚያ ይያያዛሉ፤ መገጣጠሚያውም እንዳይፋተግ የሚያለሰልሰው ፈሳሽ አለው። ሰው ወደ 60 ዓመት ሲቃረብና ከዚያም ሲያልፍ መገጣጠሚያው ይላላል፤ ሽፋኑም እንደ አሮጌ የመኪና ጎማ ባንድ ጎኑ አብጦ ወደ ቦዩ ይወጣል። ይህ ከሁሉ ይልቅ የሚደርሰው በአራተኛውና በአምስተኛው የወገብ አንጓ መካከል ነው፤ ማጎንበስና ቀና ማለት የሚበረታው እዚያ ነውና። ለብዙ ወራት የሚሰማው ከመቀመጫ ተነሥቶ እስከ እግር የሚወርድ ቁርጥማት ብቻ ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ጊዜ ግን በከረጢቱ ግድግዳ ላይ ያለች ቀጭን የደም ሥር ትፈነዳለች። ደሙ መውጫ ስለሌለው ከረጢቱ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይወጠርና ነርቩን ከአጥንቱ ጋር ያጣብቀዋል። ሰው «ትናንት ደኅና ነበርኩ» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። እውነቱን ነው ደኅና ነበር፤ ከረጢቱ ግን ከትናንት በፊትም ነበረ።

በወጣቶች ላይ ደግሞ ከራሱ ከኅብለ ሰረሰር ሽፋን የሚወጣ ከረጢት አለ። የሸረሪት ድር ስለሚመስል በሸረሪት ስም የሚጠራው ቀጭን ሽፋን በውጭኛው ወፍራም ሽፋን ላይ ባለች ቀዳዳ ሾልኮ ይወጣል፤ የጠራውም ፈሳሽ ተከትሎት ይገባል። ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በደረት ጀርባ ነው። የዚህ ከረጢት ተንኰል አንድ ሰሞን አብሶ ሌላ ሰሞን ማሻሉ ነው። በሽተኛው ከዘራውን ይጥላል፤ ቤተሰቡ ተመስገን ይላል፤ ከወር በኋላ እግሩ ተመልሶ ይሰንፋል። በዚህ መሻል የተዘናጋ ሰው ብዙ ነው።

ታርሎቭ በሚባል ስም የሚጠራም ከረጢት አለ። ኢሳዶር ታርሎቭ የተባሉት አሜሪካዊ ሐኪም በካናዳ፣ በሞንትሪያል ከተማ አስከሬን ሲመረምሩ ከዳሌ በስተኋላ ባሉት የነርቭ ሥሮች ላይ ያገኙትና በ1938 ዓ.ም. ያስታወቁት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ይህኛው አብዛኛውን ጊዜ ማንንም አይጎዳም፤ ለሌላ ጉዳይ በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ ሳይታሰብ ይታያል እንጂ። ስለ ተገኘ ብቻ ይውጣ ማለት ጥሩ ሐኪም አያሰኝም።

በአገራችን ሊረሳ የማይገባው ደግሞ ከውሻ የሚመጣው ነው። በበዓል ቀን በግ አርዶ ሳንባውንና ጉበቱን የገለበጠ ሰው አንዳንድ ጊዜ ውኃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት ያጋጥመዋል። ይጸየፈውና ቆርጦ ለውሻ ይጥለዋል። በከረጢቱ ውስጥ ያሉት የትል ራሶች በውሻው አንጀት ውስጥ ጥቃቅን የኮሶ ትሎች ይሆናሉ፤ እንቁላላቸውም ከውሻው ዓይነ ምድር ጋር ወጥቶ በሣሩ፣ በጎመኑ፣ በውኃውና ውሻውን በዳበሰው ልጅ እጅ ላይ ይቀራል። በጉ ሣሩን ሲግጥ፣ ሰውም እጁን ሳይታጠብ ሲጎርስ እንቁላሉን ይውጡታል። ብዙ ሰው እንደሚያስበው የታመመውን ሳንባ በመብላት አይደለም፤ ሰው የሚያዘው ከውሻው ነው። ከረጢቱ በጉበትና በሳንባ ላይ ይበዛል። በአጥንት ላይ የሚወጣባቸው ከመቶ በሽተኞች ሁለት ቢሆኑ ነው፤ ከነዚያ ግን እኩሌታው ያህል በጀርባ አጥንት ላይ ነው። በደቡብ ኦሞ ከውሾቻቸው ጋር አብረው በሚኖሩ አርብቶ አደሮች ዘንድ በሽታው መኖሩ በሐኪሞች ተጠንቷል። በአጥንት ውስጥ ሲገባ አንድ ክብ ከረጢት መሆኑ ይቀርና በአጥንቱ ቀዳዳዎች እየሾለከ እንደ ወይን ዘለላ ይበዛል፤ ስለዚህም ከቀዶ ሕክምና በኋላ ተመልሶ በመምጣት የታወቀ ነው።

እንግዲህ ነርቭ ተጭኖበት ስንት ጊዜ ሊቆይ ይችላል? ይህን ጥያቄ በጥንቃቄ ከመረመሩት አንዱ እነዚያው ታርሎቭ ናቸው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በውሾች የጀርባ አጥንት ቦይ ውስጥ ትንሽ የጎማ ፊኛ አስገብተው እየነፉ ኅብለ ሰረሰሩን ይጫኑ ነበር፤ ከዚያም ፊኛውን አስተንፍሰው የውሻው እግር ተመልሶ መቆሙን ይመለከቱ ነበር። ያገኙት ውጤት በ1957 ዓ.ም. በመጽሐፍ ወጥቷል። ፊኛው በዝግታ የተነፋበት ውሻ እግሮቹ ፈጽመው ከሰነፉ ከሰዓታት በኋላ እንኳ ሊድን ይችላል፤ በኃይልና በቅጽበት የተነፋበት ግን የሚሰጠው ጊዜ በጣም አጭር ነው። ነገሩ ያሳዝናል፤ ለውሾቹም ማንም አይቀናም። ነገር ግን ዛሬ ሐኪሞች እግሩ በድንገት የከዳውን በሽተኛ ከሌሎቹ አስቀድመው ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል የሚያስገቡት እንዲህ ያለውን ልዩነት ስለሚያውቁ ነው። የፈረስ ጭራው የተጫነበት፣ ሽንቱም የተያዘበት ሰው ከ48 ሰዓት በፊት ቢቀደድ የተሻለ ውጤት እንደሚያገኝ ብዙዎች ይስማማሉ፤ ከዚያም ቢፈጥን ይመረጣል።

የጀርባ አጥንትን ቦይ ከፍቶ የሚጫነውን ነገር ማውጣት በሽተኛን ከመግደል በቀር የሚያመጣው የለም ተብሎ የሚታመንበት ዘመን ነበረ። በ1884 ዓ.ም. አንድ የእንግሊዝ ካፒቴን በትከሻዎቹ መካከል ብርቱ ሕመም ይጀምረዋል። ወደ ብዙ ሐኪም ይሄዳል፤ የነርቭ ቁርጥማት ነው የሚሉት ነበሩ። በ1887 ዓ.ም. እግሮቹ ፈጽመው ከዱት፤ ሽንቱም ተያዘ። በዚያ ዓመት በሰኔ ወር ዊልያም ጋወርስ የተባሉት የታወቁ የነርቭ ሐኪም መረመሩትና ነርቭን የሚጫን እጢ በቦዩ ውስጥ አለ፣ ቦታውም ይህ ነው ብለው ወሰኑ። ልብ በሉ፣ ራጅ ገና አልተገኘም፤ ሮንትገን ያገኙት ከ8 ዓመት በኋላ ነው። ጋወርስ የተመሩት ሕመሙ በተሰማበት ቦታና ከደረቱ ጀምሮ ቆዳው በደነዘዘበት መሥመር ብቻ ነበር።

ቢላዋውን የያዙት ገና የ30 ዓመት ሰው የነበሩት ቪክቶር ሆርስሊ ናቸው። ሰኔ 9 ቀን 1887 ዓ.ም. በለንደን፣ በኩዊን ስኩዌር በሚገኘው የነርቭ በሽተኞች ሆስፒታል የካፒቴኑን ጀርባ ከፈቱ። በተባለው ቦታ ምንም አልተገኘም። ሌላ ሰው ቢሆን ቁስሉን ሰፍቶ ይመለስ ነበር። ወደ ላይ ከፍ ብለው ሌላ ቀለበት ሲያነሡ ግን ኅብለ ሰረሰሩን ወደ ጎን የገፋች ትንሽ እጢ ተገኘች። ይህ ድንገት የሆነ ዕድል አይደለም፤ ነርቮች ከኅብለ ሰረሰር ከወጡ በኋላ በቦዩ ውስጥ ቁልቁል ጥቂት ተጉዘው ነው ከአጥንቱ የሚወጡት፤ ስለዚህ የጥፋቱ ምንጭ ሕመሙ ከሚሰማበት ቦታ ከፍ ብሎ ይገኛል። ካፒቴኑ ዳነ። ከአንድ ዓመት በኋላ በቀን 16 ሰዓት እየሠራ፣ ብዙ ጊዜውንም ቆሞና ተራምዶ እንደሚያሳልፍ ለሐኪሞቹ ገለጸ። እጢው ሥጋ እንጂ ውኃ የቋጠረ ከረጢት አልነበረም፤ ነገር ግን ከረጢትን ለማውጣት ዛሬ የሚሄዱበትን በር የከፈተው ያ ቀን ነው።

ሆርስሊ ከፍተው የፈለጉትን ዛሬ ሳይከፍቱ ያዩታል። በመጀመሪያ የመጣው በፓሪስ ሲካርና ፎሬስቲዬ በ1921 ዓ.ም. የጀመሩት ዘዴ ነው። አዮዲን ያለበትን ዘይት በመርፌ ወደ ቦዩ ያስገቡና በሽተኛውን ያዘነብሉታል፤ ዘይቱ ሲወርድ ተገትሮ የቆመበት ቦታ በራጅ ይታያል። በሽተኛው ግን ይሠቃይ ነበር። ዛሬ በማግኔት ኃይል የሚሠራው ኤም አር አይ ከረጢቱን፣ ውኃውን፣ ደም የፈሰሰበትም እንደ ሆነ ደሙን ጭምር ለይቶ ያሳያል። ለዚህ መሣሪያ መሠረት የጣሉት ፖል ላውተርበርና ፒተር ማንስፊልድ በ2003 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ይሁን እንጂ የከዳ እግር ሁሉ ከረጢት አለበት ማለት አይደለም። በክፉ ቀን ከሌላ እህል ይልቅ ጓያ ሲመገብ የከረመ ገበሬ እንደዚሁ ድንገት እግሮቹ ሊተሳሰሩ ይችላሉ። እርሱ ግን ወገቡን አያመውም፣ ቆዳው አይደነዝዝም፤ እግሩ ይገተርና በጣቶቹ ጫፍ ይሄዳል፤ ነርቩን የጎዳው በጥራጥሬው ውስጥ ያለ መርዝ ስለ ሆነ ቀዶ ሕክምና አይረዳውም። የሳንባ ነቀርሳም ወደ ጀርባ አጥንት ሲገባ አንጓውን በልቶ፣ መግልም ቋጥሮ እግርን ያሰንፋል። ይህን እንግሊዛዊው ፐርሲቫል ፖት በ1779 ዓ.ም. ጽፈውታል፤ ጀርባው ቀስ በቀስ ይጎብጣል፤ ሌሊት ያልባል፤ ሰውነት ይከሳል። መድኃኒቱ ለወራት የሚወሰድ ሲሆን ቀዶ ሕክምና የሚጨመረው ለአንዳንዱ ነው። እነዚህን መለየት የሐኪም እንጂ የጎረቤት ሥራ አይደለም።

ጎረቤትና ቤተሰብ ሊያውቁት የሚገባ ግን አለ። እግር ከመስነፉ ጋር ኮርቻ የሚነካው የሰውነት ክፍል ማለት መቀመጫውና የጭኑ ውስጥ ከደነዘዘ፣ ሽንት እምቢ ካለ ወይም ሳይታወቅ ካመለጠ፣ ነገሩ ለነገ የሚባል አይደለም። በሽተኛው ስለ ሽንቱ መናገር ያፍራል፤ በተለይ ሽማግሌ ከልጁ ፊት ይህን አያነሣም። ሐኪሙ አስቀድሞ ሊሰማው የሚፈልገው ግን ይህንኑና እግሩ የከዳበትን ሰዓት ነው። ወጌሻ የወለቀ ትከሻ በመመለስ የተመሰገነ ነው፤ ደም የቋጠረ ከረጢት ያለበትን ወገብ በጉልበቱ ቢጫነው ግን የቀረችውን ቦታ ሊያጠፋት ይችላል።

በአገራችን የአንጎልና የኅብለ ሰረሰር ቀዶ ሕክምና ሐኪሞች ለብዙ ዘመን በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስፔሻሊስቶቹን እዚሁ ማሠልጠን የተጀመረው በ2006 ዓ.ም. ሲሆን፣ የኖርዌይ የቤርገን ዩኒቨርሲቲ በዚህ ተባብሯል። ከዚያ ወዲህ ቁጥራቸው አድጓል፤ ያም ሆኖ ከሩቅ አውራጃ ለሚመጣ ሰው መንገዱ ራሱ ከሰዓቱ ላይ ብዙ ይቆርጣል። እቤት የሚባክነው ቀን በዚያ ላይ ሲጨመር ምን እንደሚተርፍ አንባቢ ራሱ ያስላው።

ኦፕራሲዮኑ እንዲህ ነው። በሽተኛው በማደንዘዣ ይተኛና በሆዱ ይገለበጣል። ትክክለኛው አንጓ መሆኑ እዚያው በራጅ ይረጋገጣል፤ ባልሆነ ቦታ መክፈት ዛሬም የሚያስፈራ ስሕተት ነው። ቆዳው ተቀድዶ ጡንቻው ወደ ጎን ይገለጣል፤ ከአንጓው ቀለበት የኋለኛው ክፍል ተቦርቡሮ ይነሣል። ከዚያ በኋላ ሥራው በማይክሮስኮፕ ነው። ከመገጣጠሚያ የወጣው ከረጢት ብዙ ጊዜ ከነርቩ ሽፋን ጋር ይጣበቃል፤ የሐኪሙ ብልኀት የሚታየው ሁለቱን ሲለያይ ነው፤ እምቢ ካለው ቁራጩን ይተወዋል እንጂ ነርቩን አይጎትትም። ሽፋኑ ከተቀደደ ውኃው ይፈስሳልና ወዲያው መሰፋት አለበት። አንጓዎቹ ከቦታቸው የተንሸራተቱ እንደ ሆነ በብሎን ይታሰራሉ። ከሸረሪቴው ሽፋን የወጣው ከረጢት ሲነሣ የሾለከባት ቀዳዳ ተፈልጋ ትደፈናለች፤ ካልተደፈነች ሌላ ትሞላለች። ከውሻ የመጣው ግን ከቶ መፍረጥ የለበትም፤ በውኃው ውስጥ ያሉት የትል ራሶች በወደቁበት እንደገና ይበቅላሉ፤ ውኃውም ራሱ በሽተኛውን በቅጽበት ሊጥለው ይችላል። ቦታው ጨው በበዛበት ውኃ ይታጠባል፤ አልቤንዳዞል የሚባለውም ኪኒን ለወራት ይሰጣል።

ሕመሙ ብዙውን ጊዜ ከሁሉ ቀድሞ ይሄዳል፤ ከማደንዘዣው ሲነቁ ቁርጥማቱ እንደ ሌለ የሚናገሩ ብዙዎች ናቸው። ጉልበት ግን ይዘገያል፤ መደንዘዙ ከዚያም ይዘገያል፤ ከሁሉ በኋላ የሚመለሰው፣ አንዳንዴም ጨርሶ የማይመለሰው የሽንት ነገር ነው። የተጫነ ነርቭ ክሩ ካልሞተ በቀናት ወይም በሳምንታት ይነቃል። ክሩ ከሞተ ግን እንደ አዲስ ማደግ አለበት፤ ዕድገቱም በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ከወገብ እስከ እግር ጣት 1 ሜትር ያህል ብንቆጥር ወደ 3 ዓመት ይጠጋል፤ እስከዚያ ድረስ ጡንቻው መንምኖ አይጠብቀውም። ስለዚህ ሐኪሙ በማግስቱ ጠዋት አልጋው አጠገብ መጥቶ በሽተኛውን የሚያዝዘው ተነሥተህ ሂድ ብሎ አይደለም። የእግርህን አውራ ጣት ወደ ላይ አንሣ ይለዋል፤ በአራተኛውና በአምስተኛው አንጓ መካከል የሚጫነው ነርቭ ይህችን ጣት የሚያነሣው ነው።